«እንግዶች ናቸው» ብሎ ነገር ምንድነው? ስደተኛ እድር ይግባ አይግባ

የጎፋ ልጅ፦
ትናንት የሰፈራችን እድር ስብሰባ ላይ የሰማሁት ነገር እስካሁን ከጉሮሮዬ አልወረደም። ግቢያችን ተከራይታ የምትኖር ኤርትራዊት አለች፣ ከሁለት ልጆቿ ጋር ስድስት ዓመት ሆናት። መግቢያውንም ወርሃዊውንም እከፍላለሁ፣ አባል አድርጉኝ ብላ አመለከተች። ዳኛው ተነሱና «እነሱ እንግዶች ናቸው፣ ዛሬ እዚህ ነገ ካናዳ፣ እድር የነዋሪ ነው» አሉ፣ በቃ አለቀ፣ እጅ እንኳን አልወጣም። አምና ክረምት የእናቷ መርዶ ከአስመራ ሲመጣ ጡሩምባ አልተነፋ፣ ድንኳን አልተተከለ። እኛው የግቢው ሰዎች በረንዳው ላይ ሸራ ወጥረን ዱካ ከየቤታችን አወጣን፣ ዝናቡ በሸራው ጠርዝ እየገባ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ በስብሶ ለቀስተኛ ስትቀበል አይቻለሁ። ስድስት ዓመት የኖረ ሰው እንዴት ነው እንግዳ የሚባለው?

መካኒኩ፦
ወንድሜ ሐዘኑ ይገባኛል፣ ዳኛውን ግን እንዲህ አታድርጋቸው። እድር የአደራ ገንዘብ ነው፣ እኔ ሃያ ዓመት ያዋጣሁበት ነው። ሦስት ወር ከፍሎ ሰው ሞተብኝ ብሎ ተቀብሎ የሚሄድ ቢመጣስ? ሟቹ አስመራ ነው፣ ማን ሄዶ ያጣራል? ደግሞ እንግዳ ማለት ስድብ አይደለም፣ እኛ እንግዳ አክባሪ ነን።

ሰላም ለሁላችን፦
አዲስ አባል ይህን ያህል ወር ሳይሞላው አይከፈለውም የሚል አንቀጽ የሌለው ደንብ የት አለ? ለሷም እሱ ይበቃል። እናቱ ጎጃም የሞተችበትስ ሟች ታይቶለት ነው የሚከፈለው? ቃሉን አምነን ነው ገንዘቡን የምንሰጠው። «ነገ ካናዳ» ላሉት ደግሞ፣ የኛ እድር ውስጥ ዲሲ ተቀምጠው በእህታቸው እጅ የሚከፍሉ አባላት አሉ። ዲሲ ያለው ነዋሪ፣ ግድግዳ የምትጋራህ ሴትዮ እንግዳ?

መካኒኩ፦
ዲሲ ያለው ቤቱም ዘመዱም እዚህ ነው።

ሰላም ለሁላችን፦
የሷስ ልጆች የት ናቸው?

ከሪያድ፦
ይቺ «እንግዳ» የምትባል ቃል አረብኛዋን አውቃታለሁ፣ አጅነቢ ነው የሚሉን። በ2006 የሪያዱ መንፉሃ ሰፈር ሲረበሽ እዛው ነበርኩ። ዓመታት ሰላም የተባባልነው ጎረቤቴ በሩን ዘጋብኝ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ሆነን ነው ተጠርዘን የተመለስነው። ያን ጊዜ ሀገር ሙሉ አለቀሰልን፣ እና አሁን ያንኑ በር እኛ እንዝጋ?

የሰሚት ተከራይ፦
እናንተ ስለ ዱካ ታወራላችሁ፣ እኔን ከጎፋ ያስወጣኝ ኪራይ ነው። አከራዬ «ኤርትራውያኑ ከውጭ ይላክላቸዋል፣ እጥፍ ይከፍሉኛል» ብሎ በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ልጆቼን ከትምህርት ቤታቸው አፈናቀለኝ። ይሄንንስ ማነው የሚያወራልኝ?

የጎፋ ልጅ፦
ያስወጣህማ አከራይህ ነው፣ እሷ ላይ ምን አመጣው? እሷም ላይ ሁለቴ ጨምረውባታል። አሁን የቤት ኪራይ አዋጁ 1320/2016 አለ፣ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም ይላል።

የሰሚት ተከራይ፦
አዋጁ እኔ ከወጣሁ በኋላ የወጣ ነው። ደግሞ በአዋጅ ቤት አልተከራየሁም፣ በአፍ ነው።

የድሮ ሰው፦
ልጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ90 ጦርነቱ ሲጀመር የእድራችን ገንዘብ ያዥ ኤርትራዊ ነበሩ። ሌሊት መጥተው ወሰዷቸው፣ ጠዋት ባለቤታቸው መዝገቡንና የካዝናውን ቁልፍ በነጠላ ጠቅልላ ለእናቴ አመጣች፣ «የሰው አደራ ነው» ብላ። ተቆጠረ፣ አንድ ብር አልጎደለም። መካኒኩ አደራ ስትል እሳቸው ናቸው ትዝ ያሉኝ። ያኔ እንግዳ ያላቸው አልነበረም፣ ወንበር ላይ ያስቀመጥናቸው እኛው ነን፣ ሲወሰዱም ዝም ያልነው እኛው ነን።

መካኒኩ፦
አባባ እግዜር ያክብርልኝ፣ እሱ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሳቸው እዚህ ተወልደው ያደጉ ይሆናሉ። ይቺ በስደተኛ ወረቀት ነው ያለችው። እንግዳ እንግዳ ነው።

ሰላም ለሁላችን፦
እንግዳ የመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛው ብር፣ ሦስተኛው መዳብ አይደል የሚባለው? ስድስት ዓመት እንግዳ አድርገህ ያስቀመጥከውን ሰው አላከበርከውም፣ ከሳሎን አላሳለፍከውም እንጂ። የስደተኞች አዋጅ 1110/2011 እንኳን ረጅም ጊዜ የኖረ ስደተኛ ከጠየቀ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ተዋህዶ እንዲኖር መንገድ ከፍቷል። መሥራትም የባንክ ሂሳብ መክፈትም ተፈቅዷል። ለቅሶ ነው የተከለከለው?

መካኒኩ፦
አዋጁ ስለ እድር አያወራም። እድር በራሱ ደንብ ነው የሚተዳደረው።

ሰላም ለሁላችን፦
እንግዲያው ደንቡን እናሻሽል!

ቦሌ ሚካኤል፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም የምትንሰፈሰፉት ነጠላ ስለምታደርግና ንፍሮ ስለምትበላ ነው። በ2002 ከካምፕ ውጭ መኖር ሲፈቀድም ለኤርትራውያን ነበር የተፈቀደው። እኛ ሰፈር ሶማሌው ስንት ዓመቱ ነው፣ ልጆቹ አማርኛ ከኔ ልጅ እኩል ያወራሉ፣ ለቅሶው ላይ ግን ከጎረቤት የሚደርስለት የለም። ደቡብ ሱዳናዊ ቤተሰብ ነገ እድር ልግባ ቢል ይሄን ሁሉ ትጽፉለት ነበር?

የጎፋ ልጅ፦
እጽፍ ነበር።

ቦሌ ሚካኤል፦
እስቲ ጻፍ። ቤት እንኳን የሚያከራያቸው ስንት ሰው አለ? በስልክ እሺ ይባላሉ፣ በር ላይ ሲታዩ «አሁን ተያዘ» ይባላሉ። ከነሱ እንጀምር ነው የምለው።

ከሪያድ፦
ጉዳዩን አትበትነው እንጂ፣ አሁን የተያዘው የሴትዮዋ ነው። እሷ ከገባች ሌላውም ይገባል።

ቦሌ ሚካኤል፦
ሌላው ሁሌ «ቆይ» ነው የሚባለው፣ አይደል?

የሰሚት ተከራይ፦
ለመሆኑ ሴትዮዋ ራሷ ምን አለች?

የጎፋ ልጅ፦
ከኋላ ቆማ ነበር። «ልጆቼ ፊደል የቆጠሩት እዚህ ነው፣ ብሞት ማን ይቀብረኛል?» አለች። ዳኛው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፉ፣ የድንኳን ጥገና።

መካኒኩ፦
ከሞተችማ አንጥላትም፣ እኔ ራሴ አልጋ እሸከማለሁ። የማወራው ስለ አባልነት ነው። የሷ መታወቂያ ጊዜው ሲያልቅ የሚታደስ ወረቀት ነው።

የጎፋ ልጅ፦
ያንተ የቀበሌ መታወቂያ አይታደስም?