በስሎው ኩከር የሚሠሩ፣ ወጪያቸው ቀላል የሆነ የቤት ምግቦች፦ ቁሌቱስ እንዴት ይሁን?

የማታ ፈረቃ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው። እኔ የማታ፣ ባለቤቴ ደግሞ የጠዋት ፈረቃ ስለምንሠራ ምድጃ ፊት ቆሞ ሽንኩርት የሚያቁላላ ሰው በቤታችን የሚገኘው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። በሳምንቱ መካከል ከውጭ የምንገዛው ምግብ ኪሳችንን እየጎዳው ስለመጣ ስሎው ኩከር (በመብራት የሚሠራ፣ ምግብን በለሆሳስ የሚያበስል ድስት) ገዛን፤ 6 ኳርት (ወደ 6 ሊትር የሚጠጋ) የሚይዝ፣ «ሎው» (ዝቅተኛ ሙቀት)፣ «ሃይ» (ከፍተኛ ሙቀት) እና «ዋርም» (ሙቀት ማቆያ) ከሚሉት ማዞሪያዎች በቀር ሌላ ነገር የሌለው ተራ ዕቃ ነው።

በኢንተርኔት የሚገኙት አሠራሮች በአብዛኛው በጣሳ ሾርባና በታሸገ የዱቄት ቅመም የሚዘጋጁ ናቸው፤ ልጆቹ ቢወዷቸውም እኛን ምግብ በላን አያሰኙንም። የራሳችንን ወጥ ሁሉንም ነገር በጥሬው ጨምሬ ስከድነው ደግሞ ሽንኩርቱ ነጭ እንደሆነ ይቀራል፣ መረቁ ውሃ ውሃ ይላል፣ በርበሬውም ጥሬ ጥሬ ይሸታል። ከአምስትና ከስድስት ዓይነት በማይበልጥ ግብዓት፣ በርካሽ የሚሠሩ፣ በእንጀራም በሩዝም የሚበሉ ምግቦችን የምታውቁ ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል። ረቡዕና ዓርብ ስለምንጾም ግማሾቹ የጾም ቢሆኑ ይመረጣል።

የቁሌት ወዳጅ፦

ጥያቄዎ የብዙዎቻችን ነውና ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። ቁሌት ቁሌት የሚሆነው የሽንኩርቱ ውሃ ካለቀ በኋላ ነው። ሽንኩርት አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ስለሆነ ክፍት ድስት ላይ ሲቁላላ ያ ውሃ በእንፋሎት ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ከፍ ይልና ሽንኩርቱ መቅላትና መጣፈጥ ይጀምራል። ስሎው ኩከር ግን እንፋሎቱን በክዳኑ ይይዝና መልሶ ወደ ምግቡ ያንጠባጥበዋል፤ ውሃው እስካለ ድረስ ደግሞ ሙቀቱ ከመፍላት አያልፍም። በርበሬውም ከዘይት ጋር ሳይገናኝ በውሃ ብቻ ስለሚቀቀል ጥሬ ሽታው አይለቀውም። ስለዚህ ጥሬ ሽንኩርት፣ ጥሬ በርበሬና ምስር ባንድ ላይ ከድኖ መሄድ የማያዋጣው ዕቃው መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ይህ ሥራ የእሱ ስላልሆነ ነው።

መላው ቁሌቱን ለብቻው፣ በብዛትና አስቀድሞ መሥራት ነው፤ ይህንንም ቢሆን በዚያው ዕቃ መሥራት ይቻላል። አንድ የ5 ፓውንድ ከረጢት ሽንኩርት ይክተፉ፤ በማሽን ከሆነ ሊጥ እንዳይሆን እየቆራረጡ ያስነሡት፣ ምክንያቱም የላመው ሽንኩርት ውሃውን በብዛት ስለሚለቅ ለመድረቅ ይዘገያል። ግማሽ ኩባያ ዘይት ጨምረው ማታ በ«ሎው» ከድነው ይተኙ። ጠዋት ሽንኩርቱ ሟሙቶ፣ ወርቃማ ሆኖ፣ በራሱ ውሃ ውስጥ ተንሳፍፎ ያገኙታል። አሁን ወደ «ሃይ» ያዙሩትና ክዳኑን በማንኪያ እጀታ ደገፍ አድርገው ገርበብ ይበሉት፤ አልፎ አልፎ እያማሰሉ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲቆይ ውሃው ይወጣና ዘይቱ ዳር ዳሩን ብቅ ማለት ይጀምራል። በርበሬና የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት የሚገባው ያኔ ነው እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም። ሌላ አንድ ሰዓት ከቆየ በኋላ አቀዝቅዘው በአንድ በአንድ ኩባያ ልክ እየከፈሉ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡት። ቅቤ አይግባበት፤ የጾሙም የፍስኩም ከዚያው እንዲወጣ።

ከዚህ በኋላ የምስር ወጥ ማለት ሁለት ኩባያ የታጠበ ቀይ የምስር ክክ፣ አንድ ኩባያ ቁሌት፣ አምስት ኩባያ ውሃና ጨው ነው። በ«ሃይ» ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በ«ሎው» አራት ወይም አምስት ሰዓት ይበቃዋል። ሙሉ ፈረቃ ከቤት የሚወጡ ከሆነ ግን ክኩ እንደ ገንፎ ስለሚሆን ድፍን ምስር ይሻላል፤ ድፍኑ በ«ሎው» ሰባት ስምንት ሰዓት ቢቆይም ቅርጹን አይለቅም። ቲማቲም ከወደዱ በመጨረሻ ይጨምሩት፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ የጥራጥሬው ልጣጭ ቶሎ አይለሰልስም። መከለሻውንም ሊወጣ ሲል ነስነስ ያድርጉበት፣ ቀኑን ሙሉ ከተቀቀለ መዓዛው ይጠፋል።

ላጤው፦

የእሜቴ ቁሌት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እንደኔ ላለ ሰው እሱም ሥራ ይበዛዋል። እኔ የምኖረው ሚኒሶታ ሲሆን፣ ከሥራ ስገባ ትኩስ ምግብ ማግኘት የምፈልገው ምንም ሳላቁላላ ነው፤ ለዚህ ደግሞ አልጫን የሚያህል የለም። አልጫ መቅላት አይጠበቅበትምና የስሎው ኩከሩ ድክመት እዚያ ላይ አይታይም።

የክክ አልጫ ስሠራ ሁለት ኩባያ የአተር ክክ፣ አንድ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድና ትንሽ ዘይት፣ ስድስት ኩባያ ውሃ ጨምሬ በ«ሎው» ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት እተወዋለሁ። ስመለስ በእንጨት ማንኪያ ጫን ጫን አድርጌ ጨውና አንድ የተሰነጠቀ ቃሪያ እጨምርበታለሁ። ክኩ በተራው ሱፐርማርኬት ከሩዙ ጎን በከረጢት ይሸጣል፤ የሐበሻ ሱቅ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

ሌላው ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን ነው። ድንቹና ካሮቱ ከሥር፣ ጎመኑ ከላይ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ሙቀቱ የሚመጣው ከሥርና ከጎን ስለሆነ ጠንካራው ነገር ወደዚያ መጠጋት ይኖርበታል። ጠብታ ውሃ አይጨመርም፤ ጎመኑ ራሱ የሚለቀው ይበቃል። ለፍስክ ቀን ደግሞ ዶሮውን ከፍሪዘር አውጥቼ እንደ ድንጋይ እንደ ደረቀ ከሽንኩርትና ከድንች ጋር እጥለውና እወጣለሁ፣ ማታ ደርሶ ይጠብቀኛል።

የሆስፒታል ወጥ ቤት፦

ስለ አልጫው የላጤውን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ በቀዘቀዘው ዶሮ ላይ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የምሠራው በብዛት በሚበሰልበት ወጥ ቤት ስለሆነ ይህን ነገር በየዓመቱ ሥልጠና እንወስድበታለን። ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው ከ40 እስከ 140 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም በሴልሺየስ በግምት ከ4 እስከ 60 ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ስሎው ኩከር በጠባዩ ቀስ ብሎ የሚሞቅ ዕቃ ነውና በረዶ የሆነ ዶሮ ሲገባበት ሥጋው ያንን ክልል ለማለፍ ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴርም የሚመክረው ሥጋው በረዶውን ለቅቆ እንዲገባ ነው። ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ማውረድ ብቻ ነው፤ ትልቅ ከሆነ አንድ ሙሉ ቀን ሊፈልግ ይችላል። የፍሪዘሩ ቁሌትም ቢሆን ቀልጦ ቢገባ መልካም ነው። «እስከ ዛሬ ምንም አልሆንኩም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ በቤትዎ ሕፃን ወይም ሽማግሌ ካለ ግን ይህ አባባል አይሠራም።

ሁለተኛው ቀይ ቦሎቄ ነው። ርካሽ በመሆኑ ብዙ ሰው ወደ ስሎው ኩከር ይሮጥበታል፤ ነገር ግን ጥሬው ቀይ ቦሎቄ ሆድን ክፉኛ የሚያውክ፣ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ ተፈጥሯዊ መርዝ አለው። መርዙ የሚጠፋው በኃይል ሲፈላ ነው፤ የ«ሎው» ሙቀት ለዚያ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፎ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ምድጃ ላይ 30 ደቂቃ ካንተከተኩት በኋላ ወደ ስሎው ኩከር ማዛወር ነው። የጣሳው ቦሎቄ ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ምስርና ክክም ይህ ጣጣ የለባቸውም።

የቀረው ቀላል ነው፦ ዕቃውን ከግማሽ አያሳንሱ፣ ከሁለት ሦስተኛ በላይም አይሙሉ፤ በየደቂቃው ክዳኑን እየከፈቱ አይዩ፣ አንድ ጊዜ በተከፈተ ቁጥር ከሩብ ሰዓት በላይ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። የተረፈውንም በዚያው በዕቃው ከባድ የሸክላ ድስት ውስጥ እንዳለ ፍሪጅ አያስገቡት፣ ጥልቀት በሌላቸው ትንንሽ ዕቃዎች ይከፋፍሉት። በማግስቱም በስሎው ኩከር አያሙቁት፤ ምድጃ ወይም ማይክሮዌቭ ላይ በደንብ ካሞቁት በኋላ «ዋርም» ላይ ማቆየት ይቻላል።

ከአሽዶድ፦

ሰላም ከእስራኤል። እኛ አገር ይህ ዕቃ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሳይሠራ የሚቀርበት ቤት ጥቂት ነው። በሰንበት እሳት ስለማይነድ ምግቡ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጣድና እስከ ቅዳሜ ምሳ ድረስ በለሆሳስ ሲበስል ያድራል፤ የአውሮፓ አይሁዶች ቾለንት፣ እዚህ ደግሞ ሐሚን ይሉታል። እንዲያውም ስሎው ኩከር ራሱ የመጣው ከዚሁ ነው፦ ኢርቪንግ ናክሰን የተባለው የቺካጎ መሐንዲስ ሐሳቡን ያገኘው አያቱ በሊትዌኒያ፣ ቪልና ውስጥ ቾለንቱን በዳቦ ጋጋሪ ምድጃ ያሳድሩ እንደነበር ከእናቱ ሰምቶ ሲሆን፣ የፈጠራ ባለቤትነቱን በ1940 እ.ኤ.አ. አገኘ። ራይቨል የተባለው ድርጅት ከእርሱ ገዝቶ «ክሮክ ፖት» በሚል ስም ገበያ ያወጣው በ1971 ነው።

ወደ ድስቱ ስመለስ፣ እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። የተዘፈዘፈ ስንዴ አንድ ኩባያ፣ ነጭ ቦሎቄ አንድ ኩባያ (እሱም ከላይ እንደተባለው ቀድሞ የተንተከተከ)፣ አራት አምስት ድንች፣ አንድ ሽንኩርት፣ አጥንት ያለበት የበሬ ሥጋና ጨው ካስገባሁ በኋላ ውሃው ሁሉንም በሁለት ጣት እስኪሸፍን እሞላለሁ። የእኔ ጭማሪ ሁለት ማንኪያ በዘይት የተንተከተከ በርበሬ ነው፤ የሞሮኮ ተወላጅ የሆኑት ጎረቤቴ ሲቀምሱት ደነገጡ፣ ከዚያ ግን ጨመሩ። ጥሬ እንቁላል ከነቅርፊቱ አጥቤ ከላይ እደረድራለሁ፤ ሲያድር ነጩ የሻይ መልክ ይይዛል፣ ጣዕሙም ወደ ለውዝ ያዘነብላል። ሥጋ ከሌለ ስንዴው፣ ቦሎቄውና እንቁላሉ ብቻውን ሙሉ ምግብ ነው።

የማታ ፈረቃ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ቁሌቱን በዚህ ቅዳሜ አዘጋጃለሁ፣ ለረቡዕ ደግሞ የላጤውን ክክ። ሁለት ነገር ቀረኝ፤ አንደኛ፣ በርካሽ ከሚገኘው ሥጋ ለዚህ ዕቃ የሚስማማው የትኛው ነው? ሁለተኛ፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ተሰክቶ መዋሉ የመብራት ወጪውን አያበዛውም?

የቁሌት ወዳጅ፦

ስለ መብራቱ አይሥጉ። የእርስዎን የሚያህለው ዕቃ ብዙውን ጊዜ የሚወስደው ከ200 እስከ 300 ዋት አካባቢ ስለሆነ፣ ስምንት ሰዓት ቢውል ከሁለት ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አያልፍም።

ሥጋውን በተመለከተ፣ ውድና ለስላሳ ሥጋ ለዚህ ዕቃ ብክነት ነው፤ ይደርቃል። የትከሻ ሥጋ፣ ቅልጥም፣ ጎድን፣ በአጠቃላይ ጅማትና አጥንት ያለበትን ይግዙ፤ ጅማቱ በረጅም ሰዓት ሟሙቶ መረቁን ወፈር የሚያደርገው እሱ ነው። ከዶሮ ደግሞ ደረቱን ትተው እግርና ታፋውን ይውሰዱ፣ በዋጋም ይረክሳል። ለጎመን በሥጋ ሁለት ፓውንድ የትከሻ ሥጋ፣ ሁለት እስር የሐበሻ ጎመን የሚመስለውን ኮላርድ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና አንድ ኩባያ ውሃ ይበቃል። ሥጋው ከሥር፣ ጎመኑ ከላይ ይሁን፤ ጎመኑ መጀመሪያ ክዳኑን ሊገፋ ይችላል፣ ግማሹን አስገብተው አንድ ሰዓት ቆይተው ሲሟሽሽ ቀሪውን ይጨምሩ። በ«ሎው» ስምንት ሰዓት ነው፤ ቅቤና ኮረሪማ ሊወጣ ሲል።

ሽሮን ግን እዚያ ዕቃ ውስጥ አያስገቡት። ሳይማሰል ከተቀመጠ ዱቄቱ ከሥር ይጓጉላል፣ ዳር ዳሩም ይይዛል። የፍሪዘሩ ቁሌት ካለ ደግሞ ሽሮ ምድጃ ላይ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።