በባንክ የገባው ገንዘብ ከተመዘገበው ሽያጭ ሲበልጥ የደንበኛን ዓመታዊ የገቢ ግብር እንዴት እናሳውቅ?

ጥያቄ፦ የአዳማው ሂሳብ ሠራተኛ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣

የግንባታ ዕቃዎች በመሸጥ የሚተዳደር፣ በግለሰብ ነጋዴነት የተመዘገበና ደረጃ «ሀ» (የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ግብር ከፋይ) የሆነ አንድ ደንበኛ አለኝ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን 2017 የተዘጋ በመሆኑ፣ ዓመታዊ የንግድ ሥራ ገቢ ግብሩን እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ማሳወቅ አለብን። ሆኖም ሰነዶቹን ያመጣልኝ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው፤ ያውም የግዥ ደረሰኙን፣ የባንክ ወረቀቱንና የመብራት ሂሳቡን አንድ ላይ በፌስታል አጭቆ።

ደረሰኞቹን ለይቼ ከመዘገብኩ በኋላ ሽያጩ እምብዛም አላስቸገረኝም። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ያወጣቸው የዜድ ሪፖርቶች (የየዕለቱ ሽያጭ ማጠቃለያዎች) በየወሩ ለተጨማሪ እሴት ታክስ ከቀረቡት ማሳወቂያዎች ጋር ይገጥማሉ፤ የአሥራ ሁለቱ ወራት ሽያጭ ድምር ታክሱን ሳይጨምር 6,000,000 ብር ነው። ግራ ያጋባኝ ባንኩ ነው። ደንበኛው በሚጠቀምባቸው ሁለት የባንክ ሂሳቦች በዚያው ዓመት ገቢ የሆነው ገንዘብ 9,400,000 ብር ሆኖ አገኘሁት። ልዩነቱን ስጠይቀው «እቁብ ወጥቶልኝ ነው፤ ውጭ አገር ያለው ወንድሜም ልኮልኛል፤ ቀሪውን አላስታውስም» አለኝ። ለእቁቡም ሆነ ወንድሙ ለላከው ገንዘብ በእጁ የያዘው ወረቀት የለም።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይጠይቀኛል። በየወሩ ለእቁብ የሚጥለው 100,000 ብር እንደ ወጪ እንዲያዝለት ይፈልጋል፤ ወረቀቱ እስኪሟላ ድረስም ማሳወቁ ወደ ኅዳር ቢተላለፍ ምን ችግር አለው ይላል። ባለፈው ዓመት ሂሳቡን የሠራለት ሰው ባንኩን ጨርሶ ሳያይ በዜድ ሪፖርቱ ብቻ ስለዘጋለት፣ እኔ ነገር የማበዛበት መስሎታል። ተመሳሳይ ጉዳይ የገጠማችሁ ልዩነቱን በምን መንገድ እንደምታስታርቁና ማስረጃ የሌለውን ገንዘብ እንዴት እንደምትይዙት ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ 1፦ የቀድሞ ኦዲተር

ጥያቄዎን በሚገባ ስላብራሩት መልስ ለመስጠት ይቀላል። በመጀመሪያ ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ መሠረት ላይ ያስቀምጧቸው። ባንክ የሚገባው ገንዘብ 15 ከመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስን ያካተተ ሲሆን፣ እርስዎ የጠቀሱት 6,000,000 ብር ግን ታክሱን አይጨምርም። ስለዚህ የሚነጻጸረው 6,900,000 ብር ነው፤ ልዩነቱም ከ3,400,000 ወደ 2,500,000 ብር ይወርዳል። ይህ ቀላል ነገር ቢመስልም፣ ብዙ ጊዜ ደንበኛውንም ሂሳብ ሠራተኛውንም ያለ ምክንያት የሚያስደነግጠው ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ከአንዱ የባንክ ሂሳብ ወደ ሌላው የተዛወረውን ገንዘብ ያውጡ። ደንበኛው ሁለት ሂሳብ ካለው፣ ከአንዱ ወጥቶ በሌላው የገባ አንድ ብር በገቢው ድምር ላይ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ቀኑንና መጠኑን ካስተያዩ ይህ ክፍል ከባንክ መግለጫው ብቻ ስለሚረጋገጥ ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

እቁቡን በተመለከተ፣ የወጣለት ገንዘብ ገቢ አይደለም፤ የሚጥለውም ገንዘብ ወጪ አይደለም። አባሉ ዕጣው እስኪደርሰው ድረስ የሚጥለው ቁጠባው ነው፤ ከደረሰው በኋላ የሚጥለው ደግሞ የዕዳው ክፍያ ነው። ለምሳሌ አሥራ ሁለት ዕጣ ያለው እቁብ በመስከረም ተጀምሮ ከሆነ፣ እስከ ሰኔ መጨረሻ አሥር ጊዜ ጥሎ 1,000,000 ብር ከፍሏል፤ 1,200,000 ብር ወጥቶለት ከሆነም ሰኔ 30 ላይ 200,000 ብር ዕዳ በሂሳብ መግለጫው ላይ መታየት አለበት። መዋጮውን ወጪ አድርገው ቢይዙለት ግብሩን ያለ አግባብ ከመቀነሱም በላይ፣ ኦዲተሩ በቀላሉ ስለሚያገኘው የቀረውን መዝገብ ሁሉ ያስጠረጥርብዎታል።

ማስረጃው ግን የግድ ያስፈልጋል። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት የታክስ ውሳኔ ትክክል አለመሆኑን የማስረዳት ሸክም የግብር ከፋዩ ነው። «ይህ ሽያጭ ነው» ያለው የግብር መሥሪያ ቤት ሳይሆን፣ «ሽያጭ አይደለም» የሚለው ደንበኛዎ ነው የሚያስረዳው። የእቁቡን ዳኛና ጸሐፊ አነጋግሮ የአባላቱ ዝርዝር፣ የመዋጮው መጠንና ዕጣው የወጣበት ቀን የሰፈረበትን መዝገብ ቅጂ ከፊርማቸው ጋር ያምጣ። ወረቀቱ ብቻውን ብዙም አያሳምን ይሆናል፤ በየወሩ በተመሳሳይ ቀን አካባቢ ከሂሳቡ ከወጣው 100,000 ብር ጋር ሲገጣጠም ግን ለመካድ ያስቸግራል።

የወንድሙ ገንዘብ ብድር ይሁን ስጦታ አስቀድሞ ይለይ። ብድር ከሆነ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በመርህ ደረጃ በጽሑፍ መረጋገጥ እንዳለበት ያስታውሱ። ያኔ ውል ካልተጻፈ ዛሬ ውል ጽፋችሁ የአምናን ቀን እንዳትጥሉበት አደራ። ከባንኩ የላኪውን ስም የሚያሳይ የገቢ ማስታወቂያ መጠየቅና ወንድሙ ገንዘቡን ለምን እንደላከ ዛሬ፣ በዛሬ ቀን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ማድረግ በቂ ባይሆን እንኳ ሐቀኛ ማስረጃ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ልዩነቱን የሚያጠብ ነው፤ የሚያሰፋም አለ። በመሣሪያው ከተመዘገበው 6,900,000 ብር ውስጥ ባንክ ሳይገባ ከመሳቢያ በቀጥታ ለቀን ሠራተኛና ለጭነት የተከፈለ የለም? ካለ፣ ባንክ የገባው የሽያጭ ገንዘብ ከ6,900,000 ያነሰ ነበር ማለት ስለሆነ፣ ያልተብራራው መጠን በዚያው ልክ ይጨምራል። ገዢዎች ቀንሰው ያስቀሩት ግብርም፣ ዓመቱ ሲዘጋ ያልተሰበሰበ ዱቤም እንዲሁ ነው። በአንጻሩ ካለፈው ዓመት ዱቤ ዘንድሮ የተሰበሰበው ይቀንሰዋል። ደንበኛውን የሚጠቅመውን ብቻ አስልቶ ማቆም ማስታረቅ አይባልም።

መልስ 2፦ ፈቃድ ያለው የታክስ ወኪል

የቀደመው መልስ ሙሉ ነው፤ እኔ የምናገረው ስለ ፊርማው ነው። ያለፈው ዓመት ሰው ባንኩን ሳያይ ፈረመ ማለት እርስዎም ይፈርሙ ማለት አይደለም። የታክስ አስተዳደር አዋጁ የደንበኛን የታክስ ማስታወቂያ የሚያዘጋጅ ባለፈቃድ የታክስ ወኪል ሰነዶቹን መርምሮ፣ እስከሚያውቀው ድረስ ማስታወቂያው ትክክለኛውን ሁኔታ የሚያሳይ መሆኑን በምስክር ወረቀት እንዲያረጋግጥ ያዛል። ማረጋገጥ ካልቻለም ምክንያቱን ለደንበኛው በጽሑፍ ይሰጣል። ብዙዎቻችን ይህን ሁለተኛውን ክፍል እንዘነጋውና ወይ እያመነታን እንፈርማለን፣ ወይ ደንበኛውን በቃል ተሰናብተን እንሄዳለን። በጽሑፍ የተሰጠ እምቢታ ደንበኛውን የሚያስቀይም ቢመስልም፣ በእኔ ልምድ ከቃል ምክር ይልቅ ወረቀት ፍለጋ የሚያስነሳው እሱ ነው።

ወደ ኅዳር ይተላለፍ ለሚለው፣ እኔ በፍጹም አልመክርም። በአዋጁ መሠረት ዘግይቶ ማሳወቅ ያልተከፈለውን ታክስ 5 ከመቶ በየወሩ ወይም በወሩ ከፊል ያስቀጣል፤ ጣሪያውም 25 ከመቶ ነው። ዘግይቶ የመክፈል ቅጣትና ወለድ ከዚህ ተለይተው ይታሰባሉ። ኅዳር 1 ቀን ማለት ለሕጉ አንድ ወር ነው። በቂ ምክንያት ካለ የማሳወቂያው ጊዜ እንዲራዘም ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል፤ ነገር ግን መራዘሙ የመክፈያውን ቀን አይለውጠውም። ስለዚህ በጊዜው ያሳውቁ፤ በኋላ የተሻለ ማስረጃ ከተገኘ ማስታወቂያውን ማሻሻል ይቻላል።

በማንኛውም ሁኔታ የመጨረሻውን ሳምንት አይጠብቁ። በጥቅምት መገባደጃ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚገባ የኤሌክትሮኒክ ማሳወቂያው ሲጨናነቅ ማየት የተለመደ ነው፤ «ኢንተርኔቱ እምቢ አለኝ» የሚለው ምክንያት ደግሞ ከቅጣት አያድንም።

መልስ 3፦ ከመርካቶ

በግንባታ ዕቃ ንግድ የተሰማሩ ደንበኞች ስላሉኝ ሌላ ቦታ ሳይነካ የቀረ ጉዳይ እንዳይኖር ልጠይቅዎ። ደንበኛዎ ለሥራ ተቋራጮች ይሸጣል? የሚሸጥ ከሆነ ገዢዎቹ በዚያ ዓመት በነበረው 2 ከመቶ ግብር ከክፍያው ላይ ቀንሰው አስቀርተዋል። በ2,000,000 ብር ሽያጭ ላይ ይህ 40,000 ብር ነው፤ እንደ ወጪ ከትርፉ ላይ ሳይሆን በቀጥታ ከሚከፈለው ግብር ላይ የሚቀነስ። ሆኖም የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙ (ገዢው ግብር ቀንሶ ማስቀረቱን የሚያሳየው) በእጅዎ ከሌለ አይታሰብልዎትም። ነጋዴው ቼኩን ተቀብሎ ሲወጣ ደረሰኙን አይጠይቅም፤ በመስከረም ስንጠይቀው ደግሞ ተቋራጩ ሳይቱን ዘግቶ ሌላ ክልል ገብቷል። እኔ አሁን ደንበኞቼን የምቀበለው በየወሩ የተጨማሪ እሴት ታክሱን ሲያሳውቁ የዚያን ወር የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝም አብረው እንዲያመጡ ተስማምተን ነው።

ሌላው አሸዋና ድንጋይ ነው። ሲሚንቶና ብረት በደረሰኝ ይገዛል፤ አሸዋ የሚያመጣው ባለ መኪና ግን ብዙውን ጊዜ ደረሰኝ የለውም። ሽያጩ በመሣሪያው ሙሉ በሙሉ ተመዝግቦ ሳለ የግዥው ወጪ በማስረጃ እጦት ሲወድቅ፣ ነጋዴው ባላገኘው ትርፍ ላይ ግብር ይከፍላል። ገቢው በከፍተኛው የ35 ከመቶ ምጣኔ ለሚወድቅ ግለሰብ፣ ተቀባይነት ያጣ የ300,000 ብር ግዥ 105,000 ብር ተጨማሪ ግብር ነው። ይህን ሒሳብ በቁጥር ሳሳያቸው ነው ደንበኞቼ ደረሰኝ የሚሰጥ አቅራቢ መፈለግ የጀመሩት፤ በዋጋው ትንሽ ቢወደድም። ሐሰተኛ ደረሰኝ እየሸጡ ክፍተቱን «የሚደፍኑ» ሰዎች በዚህ ወቅት እንደሚበዙ ሳታውቁ አትቀሩም። በደንበኛዎ ፌስታል ውስጥ ያሉትን የግዥ ደረሰኞች አቅራቢ በአቅራቢ ይመርምሯቸው፤ የአቅራቢው የንግድ ዘርፍ ከተሸጠው ዕቃ ጋር የማይገናኝ ከሆነ ወይም ዓመቱን ሙሉ ያልታየ አቅራቢ ሰኔ ላይ ብቻ በትልልቅ መጠን ብቅ ካለ፣ ከመመዝገብዎ በፊት ይጠይቁ።

የጠያቂው ምላሽ፦ የአዳማው ሂሳብ ሠራተኛ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት እንደገና ሠርቼዋለሁ። ከታክሱ በኋላ ከቀረው 2,500,000 ብር ውስጥ 1,200,000 የእቁብ፣ 700,000 ከሂሳብ ወደ ሂሳብ የተዛወረ፣ 350,000 ደግሞ ከወንድሙ የተላከ ነው፤ ቀሪው 250,000 ብር ነበር። ከዚህ ላይ ካለፈው ዓመት ዱቤ የተሰበሰበውን 180,000 ቀነስኩ። ባንክ ሳይገባ ከመሳቢያ የተከፈለውን 350,000 እና ተቋራጮች ቀንሰው ያስቀሩትን 40,000 ደመርኩ። ሰኔ 30 ላይ ያልተሰበሰበ ዱቤ የለም። ስለዚህ ያልተብራራው 460,000 ብር ሆኗል። ደንበኛው መጀመሪያ ቢቆጣም፣ በኋላ ግን መሣሪያው ተበላሽቶ በነበረበት ወቅት ያለ ደረሰኝ የሸጠው እንደነበረ ነገረኝ። የእቁቡን መዝገብ ቅጂም አምጥቷል። አሁን የምጠይቀው ይህን 460,000 ብር በዓመታዊው የገቢ ግብር ላይ ብቻ ብጨምረው ይበቃል ወይ የሚለውን ነው።

መልስ 1፦ የቀድሞ ኦዲተር

አይበቃም። ደንበኛው ራሱ ሽያጭ መሆኑን ካመነ፣ ገንዘቡ ታክሱን እንዳካተተ ስለሚወሰድ 460,000ን ለ1.15 ያካፍሉት፤ ሽያጩ 400,000 ብር፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱ 60,000 ብር ይሆናል። አስቀድመው መሣሪያው የተበላሸበትን ወር የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ አሻሽለው 60,000 ብሩን ከሚመለከተው ቅጣትና ወለድ ጋር ያስከፍሉት፤ ከዚያ ዓመታዊውን ሽያጭ 6,400,000 ብር አድርገው ያሳውቁ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጡት የአሥራ ሁለቱ ወራት ድምርና የዓመቱ ሽያጭ ሳይገጥሙ ይቀሩና መሥሪያ ቤቱ ማብራሪያ ይጠይቅዎታል። መሣሪያው ስለመበላሸቱ በወቅቱ ለአገልግሎት ማዕከሉ የተደረገ ማስታወቂያ ወይም የጥገና ወረቀት ካለም ቅጂውን ከማስታረቂያው ሠንጠረዥ ጋር አብረው ያስቀምጡት፤ የተሸጠው ዕቃ ከዓመቱ መጨረሻ የመጋዘን ቆጠራ ላይ የወጣ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ ካልሆነ የዕቃው ዋጋ በወጪ ውስጥ አልተካተተም ማለት ነው።