የ17 ዓመት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ በፍርድ ቤት «ነፃ መውጣት» ያስፈልጋታል?

ሳቢያን፦ ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ልጅ 17 ዓመት ከ4 ወሯ ነው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል። አባቷ አርፏል፣ እናቷ ዓረብ አገር ናት፣ የምትኖረው ድሬዳዋ እኔ ጋ ነው። ባንኩም ሐኪም ቤቱም «ወላጅ ወይም ሞግዚት ይፈርም» ይላሉ። ፍርድ ቤት ነፃ ካወጣት ራሷ ትፈርማለች አሉኝ። እውነት ነው? ምን ይዤ ልሂድ?

ከዚራ ጥላ፦ እህቴ፣ ነገሩ እውነት ነው፤ ለእሷ ግን አልመክርም።

ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። 18 ያልሞላው ሁሉ አካለ መጠን ያላደረሰ ይባላል (አንቀጽ 215)። 14 ዓመት የሞላውን ልጅ ፍርድ ቤት ነፃ ሊያወጣው ይችላል። ከዚያ ወዲያ ለራሱም ለገንዘቡም እንደ አዋቂ ይቆጠራል፤ ብድርም ይሁን ዋስትና የፈረመው ሁሉ ይጸናበታል። ልጅቷ ዛሬ ያለ ሞግዚት አንድ ውል ብትፈርም «አካለ መጠን አልደረስኩም» ብላ ልታፈርሰው ትችላለች፤ ሌላው ወገን ግን በዚሁ ምክንያት ማፍረስ አይችልም። ባንክና አከራይ የሚፈሩት ይህንን ነው። ለቀረው 8 ወር ብላችሁ ይህን ጋሻ አታውልቁባት። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ዶርምና ምግብ አላት፣ ቤት አትከራይም።

የእናንተ ችግር ሌላ ነው። አባት ካረፈ አሳዳሪም ሞግዚትም እናት ብቻ ናት። አንቺ ብታሳድጊያትም ፊርማሽ በሕግ አይቆጠርም። መፍትሔው ከእናትየው ውክልና ማስመጣት ነው። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዳ ትሰጥ፤ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይግባ።

ሰው የሚሳሳተው ጽሑፉ ላይ ነው። «ማንኛውንም ጉዳይ እንድትፈጽም» የሚል ጠቅላላ ውክልና ከተራ አስተዳደር ሥራ አያልፍም። ተግባሮቹ አንድ በአንድ ይጻፉ፦ በልጅቷ ስም ሒሳብ መክፈትና ማንቀሳቀስ፣ ለሕክምናና ለቀዶ ጥገና መስማማት፣ ዩኒቨርሲቲው የሚጠይቀውን ቅጽ መፈረም፣ ፍርድ ቤት ማመልከት። «ሌላ ወኪል መወከል» የሚለው እንዳይረሳ፤ አንቺ ድሬ ሆነሽ ልጅቷ ጅማ ብትታመም እዚያ ያለ ዘመድ የሚፈርምላት በዚህች ሐረግ ነው።

ጀጎል፦ ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ሐረር ያላችሁ ግን ልብ በሉ፣ ሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ የድሬውን አንቀጽ ጠቅሳችሁ እንዳታመለክቱ።

ነፃ መውጣቱ የግድ ከሆነ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የምደባ ማስረጃ፣ የአባት የሞት ምስክር ወረቀት፣ የእናት ስምምነት በጽሑፍ፣ ቃለ መሃላና ሁለት ምስክር አዘጋጁ። ማመልከቻው ለምን እንዳስፈለገ ጉዳዩን ለይቶ ይናገር። «ራሷን ችላለች» ብቻ ብሎ የሚያቆም ማመልከቻ ደካማ ነው፤ ዳኛው የሚያየው የልጅቷን ጥቅም ነውና። ከመጻፋችሁ በፊት የፍርድ ቤቱን ሬጅስትራር ጠጋ ብላችሁ ጉዳዩ የሚከፈትበትን ችሎት ጠይቁ።

አቦ፣ ስሙን ደግሞ በደንብ እዩት! ልደቱ ላይ «መሐመድ»፣ ውጤቱ ላይ «ሙሐመድ» ከሆነ ሁለት ሰው ነው የሚባለው። የልደት ዓመቱም በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ አረጋግጡ፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ያመጣል።

ሳቢያን፦ ተባረኩ። ክረምት ላይ ሥራ ብትይዝስ? ደግሞ አንድ ሰው «ጋብቻም ነፃ ያወጣል» አለኝ።

ከዚራ ጥላ፦ ለሥራ ነፃ መውጣት አያስፈልግም። አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት ጀምሮ ይፈቅዳል፤ ከ18 በታች በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ትርፍ ሰዓት፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ማሠራት ክልክል ነው።

ጋብቻውን ግን ተዪው። ሕጉ ላይ ያገባ ልጅ ነፃ ይወጣል የሚል አንቀጽ አለ፣ የጋብቻ ዕድሜ ግን 18 ነው። ለፊርማ ብሎ ልጅ መዳር ወንጀል ነው፤ ይህን ያለሽን ሰው ምክር ከእንግዲህ አትስሚ።

ውክልናው ሲመጣ ዋናው አንቺ ጋ ይቀመጥ፤ ለልጅቷ የተረጋገጠ ቅጂ ስጫት።