የማር ስኳር በኤችፒኤልሲ፦ ቤዝላይኑ አልረጋ አለኝ

አናሊስቷ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው አዲስ አበባ፣ የምግብ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ሰሞኑን ነጋዴዎች «ስኳር ተቀላቅሎበት እንደሆነ እዩልን» እያሉ ማር ያመጣሉ። የማየው በኤችፒኤልሲ (ናሙናን በፈሳሽ እየገፋ በኮለም ውስጥ አሳልፎ ክፍሎቹን በሚለይ መሣሪያ) ነው። አሚኖ ኮለም (ስኳሮቹን የሚለያይ ቱቦ)፣ ሞባይል ፌዝ (ናሙናውን የሚገፋው ፈሳሽ) አሴቶናይትራይልና ውሃ 80 ለ20፣ እንዲሁም አርአይ ዲቴክተር (የብርሃን ስብረት መለኪያ) ነው የምጠቀመው። ጠዋት ቤዝላይኑ (ስኳር በማይወጣበት ጊዜ የሚሰመረው መነሻ መስመር) ሽቅብ እየወጣ ትንሿን የሱክሮስ ፒክ (ሱክሮስ ሲወጣ የሚታየውን ጉብታ) ይውጥብኛል። ዩቪ ዲቴክተርም (የብርሃን መምጠጥን የሚለካ) አለን፤ በእሱ ብሞክርስ? ወይስ ግራዲየንት (የፈሳሹን ቅልቅል በሂደት እየለወጡ ማስኬድ) ይሻላል?

የድሮ ኬሚስት፦ እህቴ፣ ዩቪውን ተዪው። ስኳር ከ200 ናኖሜትር በታች ካልሆነ ብርሃን እምብዛም አይመጥም፤ እዚያ ደግሞ የማሩ ሌላ ሌላው ነገር ሁሉ ይረብሻል። ግራዲየንትም ከአርአይ ጋር አይሆንም። ዲቴክተሩ የሚያየው ፈሳሹ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚሰብር ነውና ፈሳሹ ራሱ ከተለወጠ ቤዝላይን አይኖርም።

ያንቺ ችግር ሙቀት ይመስለኛል። ኮለሙንም ዲቴክተሩንም 30 ዲግሪ ላይ አድርጊ፤ ፓምፑን በዝግታ እያስኬድሽ አሳድሪው። ጠዋት ሪፈረንስ ሴሉን (ዲቴክተሩ ለማነጻጸሪያ የሚጠቀምበትን ክፍል) በዚያው ሞባይል ፌዝ እጠቢው። ሞባይል ፌዙንም ራስሽ ለክተሽ ቀላቅለሽ፣ አየሩን አስወጥተሽ፣ ከአንድ ጠርሙስ ስጪው። ፓምፑ ሲቀላቅለው በየምቱ ትንሽ ትንሽ ይለያያል፤ አርአይ ያንን አይምርም።

ኮለም ጠባቂ፦ ማሩን በ0.45 ማይክሮን ሳታጠሪ እንዳታስገቢ፤ ሰምና የአበባ ዱቄት አለበት። ጋርድ ኮለምም (ከዋናው ኮለም በፊት የሚገባ ትንሽ መከላከያ) ይኑርሽ። ግሉኮስና ፍሩክቶስ ከአሚኖው ጋር እየተጣበቁ ኮለሙን ይጨርሱታል፤ ፒኮቹ ቀድመው መውጣት ከጀመሩ ማርጀቱን እወቂ።

አናሊስቷ፦ ተመስገን፣ ረጋ! ፍሩክቶስ፣ ግሉኮስ፣ ሱክሮስ በቅደም ተከተል ጥርት ብለው ወጡ። የአንዱ ማር ሱክሮስ 2 በመቶ ነው። «ንጹሕ ነው» ብዬ ልጻፍለት?

የድሮ ኬሚስት፦ በፍጹም! ኮዴክስ (ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ) ሱክሮስ በ100 ግራም ከ5 ግራም እንዳይበልጥ፣ የፍሩክቶስና የግሉኮስ ድምር ከ60 ግራም እንዳያንስ ይላል። ድምሩም ከደረሰ «ይህንን ያሟላል» ብለሽ ጻፊ፤ ከዚያ አትለፊ። ፍሩክቶስና ግሉኮስ የበዛበት የበቆሎ ሽሮፕ ቢጨመርበት ፒኮቹ ያው የማር ፒኮች ናቸው። ንቦቹ ስኳር ቢመገቡም ኢንዛይማቸው አብዛኛውን ሱክሮስ ይሰብረዋል። የአገዳና የበቆሎ ስኳር የሚያዘው በካርቦን አይሶቶፕ ምርመራ (የካርቦን ዓይነቶችን ምጣኔ በሚለካ) ነው፤ የሩዝ ሽሮፕ ከሆነ ግን እሱንም ያመልጣል። በወረቀትሽ ላይ «ንጹሕ» የሚል ቃል ከሰፈረ ሽሮፕ የቀላቀለው ነጋዴ ገበያ ላይ ያውለበልበዋል፣ የሚጎዳው ደግሞ በእውነት ንጹሕ ማር የሚቆርጠው ገበሬ ነው። ደንበኛሽ አይሶቶፕ የሚሠራ ላብራቶሪ እንዲፈልግ ንገሪው።