የፑሪም ብስኩት፦ ከቤት ተጋግሮ መዋዕለ ሕፃናት ይግባ ወይስ አይግባ?

ጥያቄው፦ ፑሪም፣ አይሁድ በአስቴር ዘመን ከጥፋት የዳኑበት በዓል፣ ደረሰ። እዚህ እስራኤል ብዙ መዋዕለ ሕፃናት ለሚሽሎአህ ማኖት (በበዓሉ ለሚላላኩት የምግብ ስጦታ) የሚቀበሉት የካሽሩት ማኅተም (በአይሁድ የምግብ ሕግ የተፈቀደ ነው የሚል) ያለው የታሸገ ምግብ ብቻ ነው። ቤት የተጋገረ ኦዝኔ ሃማን፣ ባለ ሦስት ጥጉ የፑሪም ብስኩት፣ በር ላይ ይመለሳል። ልክ ነው ትላላችሁ? ስድብ አይፈቀድም።

የአሽዶድ እናት፦ እኔ አይዋጥልኝም። ልጄ ሊጡን በብርጭቆ አፍ ክብ አድርጋ ትቆርጣለች። መሐሉ ላይ ቴምር ታኖርና ሦስቱን ጥግ ቆንጠጥ አድርጋ ታጥፈዋለች። ጣቷ ላይ ዱቄቱ ሳይለቅ «መልሺው» ትባላለች። መጽሐፈ አስቴር 9፥22 ምግብ ተላላኩ ነው የሚለው። ከሱፐር ግዙ አይልም!

የረሆቮት መምህርት፦ እህቴ፣ እኔ ክፍል ሠላሳ ምናምን ልጅ አለ። አንዱ ሰሊጥ አይነካም፣ ሌላው ኦቾሎኒ። ሐልቫ የተሞላ ብስኩት ማለት እኮ ሰሊጥ ነው። የታሸገው ላይ ተጽፏል፣ ያንቺ ላይ ማን ይጽፍልኛል? ሊጡ በቅቤ ይሁን በማርጋሪን እንኳ በዓይን አይለይም። ቅቤ ከሆነ ሥጋ በልቶ የመጣ ልጅስ? በሕጋችን ሥጋና ወተት አብሮ አይበላም።

የነታንያ አባት፦ አለርጂው ይገባኛል። «ካሽሩት» ሲባል ግን ደሜ ይፈላል። የያኔው ዋና ራቢ ዖቫድያ ዮሴፍ እኛ ቤተ እስራኤል አይሁድ ነን ብለው የፈረዱት በ1973 ነው። ከ45 ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ አንድ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ጥብቅ ማኅተም ለማግኘት ብሎ የኛን ልጆች፣ አይሁድነታቸው ያጠራጥራል ተብሎ፣ ወይኑን እንዳይነኩ ከሥራ ቦታቸው አነሣ። በወቅቱ ዋና ራቢ የነበሩት ይስሐቅ ዮሴፍ ሳይቀሩ ዘረኝነት ነው አሉ። ታዲያ የኔ ሚስት ምድጃ በምን ዓይን ነው የሚታየው?

የረሆቮት መምህርት፦ ወንድሜ፣ ደንቡ ለሁሉም ነው። የራቢ ሚስት የጋገረችውንም መልሻለሁ።

የነታንያ አባት፦ አንቺ መልሰሽ ይሆናል። እኛ ሠፈር ግን የሌላው ቤት ኬክ ተቆርሶ ሲበላ የኛ ከረጢት ጠረጴዛ ሥር ነበር። ልጄ ነው አይቶ የነገረኝ።

የቅርያት ጋት አያት፦ ልጆቼ፣ እኛ ጎንደር የአስቴርን ጾም እንጾም ነበር እንጂ ይሄን ብስኩት መች እናውቀው ነበር? እዚህ መጥተን ነው ያየነው። አሁን የልጅ ልጆቼ ያለሱ በዓል የለም ይላሉ። የጋገራችሁትን ለጎረቤት ላኩ። ለአንድ ሰው ሁለት ዓይነት ምግብ ከደረሰው ትእዛዙ ተፈጸመ። መዋዕለ ሕፃናት የግድ ነው ያለው ማነው?

የአሽዶድ እናት፦ እማማ፣ እውነትዎን ነው። ግን ልጅ የምትፈልገው ለጓደኞቿ ማሳየት ነው።

የሎድ ዳቦ ጋጋሪ፦ ለምን እዚያው አይጋገርም? ዱቄቱም ማርጋሪኑም ቴምሩም ማኅተም ያለው ታሽጎ ይምጣ። ሙሌቱ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይብለጥ። ታጥፎ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ይቆይ፣ አለዚያ ምድጃ ውስጥ አፉን ይከፍታል። 180 ዲግሪ ላይ ሩብ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። (ፔሬግ፣ ማለትም የፖፒ ዘር ሙሌት፣ እወዳለሁ የሚል ካለ ግን ተፈጭቶ በወተት መብሰል አለበት። ለሕፃናት አልመክርም፣ ግማሾቹ ይተፉታል።)

የረሆቮት መምህርት፦ ምድጃ ካለን እኔ ደስ ይለኛል። የአለርጂውን ዝርዝር እኔው እይዛለሁ።

የነታንያ አባት፦ ዱቄቱን እኔ አመጣለሁ። በር ላይ ማኅተም ስታዩ ግን የሁሉንም እዩ።