ቀለህ የሚነክስ .22 ጠመንጃ

ለኢላማ መለማመጃ ብዬ ርካሽ፣ ያገለገለ ከፊል አውቶማቲክ .22 (ትንሽ ጥይት የሚተኩስ) ጠመንጃ ገዛሁ፤ ካዝናው 10 ጥይት ይይዛል። የመጀመሪያዎቹን 100 ጥይቶች ያለ ችግር ተኮስኩ። አሁን ግን በየካዝናው አንድ ሁለቴ ቀለሁ ሳይወጣ ቀጥ ብሎ ይቆምና መዝጊያው ይነክሰዋል። ጥይቱ ዝግተኛው ዓይነት ስለነበር መዝጊያውን ወደ ኋላ ለመግፋት አቅም አጥሮት ይሆናል ብዬ ፈጣኑን ሞከርኩ፤ ትንሽ ተሻለው እንጂ አልተወውም። ፈትቼ ጥይቱ የሚገባበትን ቀዳዳ በብሩሽ ፈገፈግኩ (የወጣው ጥላሸትና ሰም ለጉድ ነው)፣ መዝጊያውንም ጠርጌ ዘይት ስስ አድርጌ ቀባሁት። ካዝናም ቀየርኩ፣ ያው ነው። ቀለሁን የሚጎትተው ጥፍር ጫፉ የዶለዶመ ይመስላል፣ ግን አዲሱን አይቼ ስለማላውቅ ማነጻጸር አልቻልኩም። ጥፍሩን ከነሞላው ልቀይረው ወይስ ከዚያ በፊት የማየው ሌላ ነገር አለ?