ኢቪ አንድ ዝርያ ናት ወይስ አራት?

ማርቆስ_11ኛ (ደብረ ማርቆስ)፦
ጎበዝ፣ የባዮሎጂ ክበባችን የመጀመሪያዎቹን 151 ፖኬሞኖች (የቪዲዮ ጨዋታ ምናባዊ ፍጥረታት) ከስፍን (ከትልቁ የሕያዋን ምድብ) እስከ ዝርያ ደልድሎ ግድግዳ ላይ ሊለጥፍ ነው። ኢቪ ላይ ተጣበቅን። ልትለወጥባቸው ከምትችለው ከቬፖሪዮን፣ ከጆልቲዮንና ከፍላሪዮን ጋር አራት ዝርያ እንበላቸው ወይስ አንድ? ጨዋታው የሚሰጣቸውን «እሳት»፣ «ውኃ» የሚሉትን ዓይነቶችስ መደብ ብናደርጋቸው?

አባጨጓሬ (ፍኖተ ሰላም)፦
አንድ ናት። ጨዋታው ኢቮሉሽን ይበለው እንጂ ዝግመተ ለውጥ አይደለም፤ ያው አንዱ እንስሳ በዕድሜው መልኩን ሲቀይር ነው። ካተርፒ ደረጃ 7 ላይ ሜታፖድ፣ 10 ላይ በተርፍሪ ይሆናል። ጎመን የሚበላውን አባጨጓሬና ቢራቢሮውን ሁለት ዝርያ የሚል አለ? መለያው እንቁላሉ ነው፤ ቬፖሪዮን የጣለችው ሲፈለፈል የሚወጣው ኢቪ ነው። ፒካቹ ላይ ብቻ ተጠንቀቁ፦ ከእንቁላሏ የሚወጣው ፒቹ 151ዱ ውስጥ ስለሌለ ረድፉን በፒካቹ ስም ጻፉት።

«እሳት»ን መደብ ማድረግ ይቅርባችሁ። እንሽላሊት መሳዩ ቻርማንደርና ቀበሮዋ ቨልፒክስ አንድ ቤት ይገባሉ፣ የኢቪ ቤተሰብ ደግሞ አራት ቦታ ይበተናል። በቀለም ነጥብ ብታሳዩት ይበቃል።

ማርቆስ_11ኛ፦
እሺ። የሚዳቀሉትንስ አንድ ዝርያ ብንል?

የጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦
እሱ ነው ወጥመዱ። እባቡ ኢካንስና ቨልፒክስ በእንቁላል ቡድን (ጨዋታው የሚዳቀሉትን በሚመድብበት ቡድን) ስለሚገናኙ ይዳቀላሉ፤ ግን ልጁ ሁልጊዜ የእናቱን ዘር ይይዛል፣ ቅይጥ አይወለድም። ስለዚህ «መዳቀል» የሚለው መስፈርት እዚህ አይሠራም። በተቃራኒው ቁጥር 29 እና 32፣ ሁለቱ ኒዶራኖች፣ አንድ ዝርያ ናቸው፦ ከሴቷ እንቁላል ሁለቱም ይወጣሉ፤ ሴትና ወንድ ተለያይተው ቁጥር ስለተሰጣቸው ብቻ ነው የሚያሳስቱት።

መልክም ያታልላል። ላቢዮባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች በ1973 (እ.ኤ.አ.) በአንድ ዝርያ ተጠቃለው ነበር፤ አፋቸው፣ ምግባቸውና እንቁላል የሚጥሉበት ቦታ ሲጠና 15 ገደማ ሆኑ። በኋላ በወጣው የፖኬሞን ትውልድም ዊግሌት ከ151ዱ አንዱን፣ ዲግሌትን፣ ቁርጥ ይመስላል፣ ዝምድና ግን የላቸውም።

አባጨጓሬ፦
ጀርባው ላይ እንጉዳይ የበቀለበትን ነፍሳት፣ ፓራስን፣ እንዳትረሱ፤ ሁለት ረድፍ ይፈልጋል። ነፍሳቱ ከእንስሳት፣ እንጉዳዩ ከፈንገስ ስፍን። ተለውጦ 47ኛው ፓራሴክት ላይ ሲደርስ አካሉን የሚነዳው እንጉዳዩ ነውና እኔ ብሆን ቁጥሩን ለፈንገሱ እሰጠዋለሁ። ፖሪጎን በሰው የተሠራ ፕሮግራም ስለሆነ ከሠንጠረዡ ውጭ ይቀመጥ።